ዳኛው ሐይቅና ባለቤት ያጣው ጥፋት

በሰው ልጅ ላይ መከራ በወረደ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ምን አመጣው?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ማን አመጣው?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን የተፈጥሮ ሳይንስ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ግን ሳይንስ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም፤ ሸንጎ፣ ዳኛ፣ ሕግና ኅሊና ያስፈልጉታል። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ መሆናቸው ለማንም አስተዋይ ሰው ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ በኑሮ ውስጥ አንዱ የሌላውን ቦታ ሲይዝ፣ «ምን» ሊባል በሚገባው ላይ «ማን»፣ «ማን» ሊባል በሚገባው ላይ ደግሞ «ምን» ሲባል፣ የሚከተለው ጉዳት የአስተሳሰብ ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሕይወት ያጠፋል። በናይጄሪያ ደቡብ፣ በታችኛው የኒጀር ወንዝ ደለል ምድር የሚኖረው የኢሶኮ ሕዝብ ከአንድ መቶ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ሁለቱንም ስሕተቶች፣ አንዱን ከገዛ ባህሉ፣ ሌላውን ከውጭ ከመጣ ኃይል፣ በአንድ ሥፍራ ላይ አይቷል።

የኢሶኮ ምድር ዛሬ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1991 በተቋቋመው የዴልታ ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሕዝቡ በብዛት የሰፈረባቸው ሁለቱ ወረዳዎች ሰሜን ኢሶኮና ደቡብ ኢሶኮ ይባላሉ፤ ዋና ከተሞቻቸውም ኦዞሮና ኦሌ ናቸው። በ2006 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሁለቱ ወረዳዎች በአንድነት ወደ 380 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ነበራቸው። ቋንቋቸው ከጥንታዊው የቤኒን መንግሥት ቋንቋ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ከጎረቤታቸው ከኡርሆቦ ቋንቋ ጋር ደግሞ እጅግ ይቀራረባል። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ይህን መቀራረብ ይዘው ሁለቱንም ሕዝቦች «ሶቦ» በሚል አንድ ስም ይጠሯቸው ነበር። ሚስዮናዊው ሃባርድ በ1948 ያሳተመው ሰፊ ጥናት እንኳ በርእሱ ላይ የያዘው ይህንኑ ስም ነው። ሕዝቡ በራሱ ስምና በራሱ ተወላጅ ብዕር ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ የተጻፈለት በ1972 ሲሆን፣ ደራሲው የታሪክ ምሁሩ ኦባሮ ኢኪሜ ነው።

ምድሩ ዝቅተኛና ውሃ የበዛበት ነው። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ጫካውንና ሜዳውን ያለብሱታል፤ በበጋ ሲጎድሉ በየጉድጓዱና በየሐይቁ ዓሣ ትተው ይሄዳሉ። የኢሶኮ ሰው ኑሮውን የመሠረተው በዚህ ሙላትና ጉድለት ላይ ነው። ደረቅ በሆነው መሬት ላይ ቀድሞ ያም የተባለውን የቦዬ ዓይነት ሥር ተክል፣ በኋላም በይበልጥ ካሳቫን ያርሳል፤ ከጫካው የዘይት ዘንባባ ፍሬ ይለቅማል፤ ውሃው ሲሸሽ ያጠምዳል። ካሳቫውን መፋቁ፣ መጭመቁና በብረት ምጣድ ላይ መቁላቱ፣ የዘንባባውንም ፍሬ ቀቅሎ ዘይት ማውጣቱ አብዛኛውን የሴቶች ድካም ነው። ይህን ሥራ በቅርብ ያላየ ሰው ካሳቫ እንዲያው ከመሬት ተነቅሎ የሚበላ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ብዙው የካሳቫ ዝርያ በሚገባ ካልተዘጋጀ መርዝነት አለው፤ እያንዳንዱ እፍኝ ከገበያ የሚደርሰው በብዙ ሰዓት ጉልበት ነው።

የኢሶኮ ኅብረተሰብ በአንድ ንጉሥ ሥር የተጠቃለለ አልነበረም። በየጎሣው ራሱን ያስተዳድር ነበር። አንዳንዱ ጎሣ ኦቪዬ የሚባል ንጉሥ ሲኖረው፣ በብዙው ዘንድ ግን ቀዳሚነቱ የዕድሜ አንጋፋ የሆነው የኦዲዮሎግቦ ነበር። ሽማግሌዎች በሸንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ ከመካከላቸው ወይም ከጎናቸው አንድ ሰው በአንደበታቸው ይናገራል፤ እርሱም ኦቶታ ይባላል። ኦቶታ አስተርጓሚ አይደለም፤ ጠበቃም አይደለም። የጉባኤው አፍ ነው። እርሱ የተናገረው የላኩት ሁሉ የተናገሩት ሆኖ ይቆጠራል። አሜሪካዊው የሥነ ቃል ተመራማሪ ፊሊፕ ፒክ በ1970ዎቹ በኢሶኮ ዘንድ ባደረገው ጥናት ከሁሉ ይልቅ ትኩረቱን የሳበው ይህ ለቃል የሚሰጠው ክብደት ነበር፤ በ1981 ባሳተመው ጽሑፍም የንግግርን ኃይል ዋና ጉዳይ አድርጎታል። በኢሶኮ አስተሳሰብ የተነገረ ቃል ከአፍ ወጥቶ በአየር ላይ የሚበተን ድምፅ አይደለም፤ በዓለም ውስጥ ሥራ የሚሠራ፣ ተናጋሪውንም የሚይዝ ነገር ነው።

የጥንቱ እምነታቸው ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ከሁሉ በላይ ያለው ፈጣሪ ኦጌኔ ይባላል። ነገር ግን የዕለት ተዕለቱ ጉዳይ ከሙታን አባቶችና ኤድሆ ከሚባሉት መናፍስት ጋር ነው። በሽታ፣ መካንነት፣ የልጅ ሞት ወይም ተደጋጋሚ ኪሳራ ሲያጋጥም ሰዎች ወደ ኤቫ አዋቂ ይሄዳሉ። አዋቂው በክር የተሰኩ የፍሬ ቅርፊቶችን ይጥላል፤ አወዳደቃቸውንም ያነባል። የሚፈለገው መልስ በሽታው ምን እንደሆነ ብቻ አይደለም። የተቀየመው አባት ማን ነው? የተረሳው ግዴታ የትኛው ነው? ክፉ ያሰበው ዘመድ ወይም ጎረቤት ማን ነው? መከራ በዚህ ዓለም ውስጥ ላኪ አለው። ላኪው ከታወቀም ዕርቅ፣ መሥዋዕት ወይም ክስ ሊከተል ይችላል።

ይህ አመለካከት በኪነ ጥበባቸውም ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ፒክ በ1976 ያስተዋወቃቸው የኢሶኮ የጭቃ ሐውልቶች በየአምልኮ ቤቱ ውስጥ ከዚያው ከመሬቱ ጭቃ የተሠሩ፣ መናፍስቱንና ገናና ቀደምቶችን የሚወክሉ ሥራዎች ናቸው። ከሁሉ ይበልጥ ግን ለተያዘው ጉዳይ የሚጠቅመው ኢቭሪ የሚባለው የእንጨት ቅርጽ ነው። ኢቭሪ አፉ የተከፈተ፣ ጥርሱ የገጠጠ አራት እግር አውሬ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በላዩ የሰው ቅርጽ ይታያል። የቁጣና የእልህ፣ የጦረኛ ኃይል ምስል ነው። ባለቤቱ የሚቀልበው ኃይሉን ለማነሣሣት ብቻ አይደለም፤ ያ ኃይል ያለ ልጓም ወጥቶ የገዛ ወገንን እንዳይበላ ለመያዝም ነው። እንግዲህ ጠራቢው ያደረገው በሰው ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረውን ጨካኝነት አውጥቶ ፊት መስጠት ነው። ፊት ያለውን ነገር መጋፈጥ፣ መገሠጽ፣ መለመንም ይቻላል። ከእነዚህ ቅርጾች ዛሬ ጥቂት የማይባሉት በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መዘክሮች መስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። እዚያ የሚቀልባቸው የለም።

«ማን?» የሚለው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሲገፋ ወዴት እንደሚያደርስ የሚያሳየው ግን የኡዜሬ ሐይቅ ነው። ኡዜሬ በደቡብ ኢሶኮ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ኤኒ የሚባለው ሐይቋ ከቅኝ አገዛዝ በፊት በአካባቢው ሁሉ የሚፈራ ዳኛ ነበር። በጥንቆላ ሰው ገድለሃል ወይም ገድለሻል ተብሎ የተከሰሰ ከኢሶኮ ጎሣዎች ብቻ ሳይሆን ከጎረቤት ሕዝቦችም እየተያዘ ወደዚያ ይወሰድ ነበር። ተከሳሹ በታንኳ ወደ ሐይቁ መካከል ተወስዶ ውሃው ውስጥ ይጣላል። ዋኝቶ ከዳር ከደረሰ ንጹሕ ነው፤ ከሰጠመ ጥፋተኛ ነው። ይግባኝ የለም።

ይህን ሥርዓት የአባቶች ጥበብ ነው ብሎ ማሳመር ለሟቾቹ ንቀት ይሆናል። በወባ የሞተ ሕፃን ገዳይ ትንኝ እንጂ አክስቱ አይደለችም። ሐይቁ ይመረምር የነበረው ኅሊናን ሳይሆን ክንድን ነው፤ መዋኘት የሚያውቅ ወንጀለኛ ይድናል፣ መዋኘት የማያውቅ ንጹሕ ይሞታል። በዚያም ላይ ክስ የሚቀርብበት ሰው በአብዛኛው በመንደሩ የተጠላ፣ ጠያቂ የሌለው ወይም ሀብቱ ዐይን የገባ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። እዚህ ላይ የተፈጸመው «ምን» ተብሎ መጠየቅ የሚገባውን ነገር «ማን» ብሎ የመጠየቅ ስሕተት ነው፤ ዋጋውም የሰው ነፍስ ነበር።

ሆኖም ስሕተቱ ሲወገድ አብሮት ሊወገድ የማይገባው አንድ ነገር ነበረ። ኤኒ ተከሳሽን በስም ያውቀዋል። ክሱ በአደባባይ ይነገራል፤ ጉዳዩ በሕዝብ ፊት ይታያል፤ ፍርዱም በዚያው ቀን ይቋጫል። ሙት ያለበት ቤተሰብ ሐዘኑን ይዞ ከበር ወደ በር፣ ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት አይንከራተትም። ጥፋት ያለ ባለቤት እንዳይቀር የሚጠይቀው ይህ ጥብቅ ፍላጎት በተሳሳተ ዕውቀት ላይ የተመሠረተ ቢሆንም በራሱ ስሕተት አልነበረም። ዕውቀቱን አርሞ ፍላጎቱን ማቆየት ይቻል ነበር።

የእንግሊዝ አስተዳደር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት የኤኒን ፍርድ በኃይል ዘጋው። የተነገረው ምክንያት ሰብአዊነት ነበር፤ በእርግጥም ሰው ማስጠሙ መቆሙ የሚያስቆጭ አይደለም። ይሁንና የጎሣን ድንበር አልፎ የሚፈርድ፣ ሩቅ አገር የሚፈራው ሥፍራ ለአዲስ ገዥ ምን ጊዜም ተቀናቃኝ ነው። በሐይቁ ፋንታ «የአገሬው ፍርድ ቤት» የሚባል ተተከለ፤ ዳኞቹም ሽማግሌዎቹ የመረጧቸው ሳይሆኑ አስተዳደሩ የሾማቸው ነበሩ። በ1910ዎቹ የወንጌል ሚስዮን ተስፋፋ፤ ትምህርት ቤትም ተከተለ። በ1927 ሕዝቡ በቅጡ ሳይመከርበት ቀጥተኛ ግብር በዋሪ አውራጃ ሲጣል የኢሶኮና የኡርሆቦ መንደሮች ተነሡ፤ የአገሬው ፍርድ ቤቶችም የቁጣው ዒላማ ሆኑ። ኢኪሜ በ1966 ይህንኑ ዐመፅ ለይቶ አጥንቶታል። በዚያ ጊዜ እንኳ ተጠያቂው ይታወቅ ነበር፤ ግብሩን ያመጣው ሹም ፊት አለው፣ ስም አለው፣ የሚቀመጥበት ቤት አለው።

ከዘንባባ ዘይት ወደ ምድር ዘይት የተደረገው ሽግግር ግን ሌላ ነው። በናይጄሪያ ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ መጀመሪያ የተገኘው በ1956 ከኢሶኮ ምድር በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በኢጆዎች መንደር በኦሎይቢሪ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሼልና ብሪቲሽ ፔትሮሊየም በጋራ ያቋቋሙት ኩባንያ ኡዜሬን፣ ኦሎሞሮንና ኦዌን ወደመሳሰሉ የኢሶኮ ሥፍራዎች ደረሰ። ዳኛው ሐይቅ ያለባት ኡዜሬ የነዳጅ ጉድጓዶች ከተማ ሆነች። በ1969 የወጣው የፔትሮሊየም ሕግ ከመሬት በታች ያለውን ነዳጅ በሙሉ የመንግሥት አደረገው፤ በ1978 የወጣው የመሬት ሕግ ደግሞ የመሬቱን ባለቤትነት ከየማኅበረሰቡ አውጥቶ በክፍለ ግዛቱ አስተዳዳሪ እጅ አኖረው። ገበሬው ካሳ ሲከፈለው የሚተመንለት ሰብሉ፣ ዛፉና ጎጆው ነው። አያቱ የተቀበረበት፣ የዓሣ ጉድጓዱ ያለበት፣ ልጁ የሚወርሰው መሬት ከሒሳቡ ውጭ ነው።

የዘመኑ ስሕተት በግልጽ የሚታየው ቧንቧ ሲፈነዳ ነው። ቅኝ አገዛዙ ሊያበቃ ሲል በ1956 የወጣው የነዳጅ ቧንቧ ሕግ የቧንቧው ባለቤት ከስብራት ወይም ከፍሳሽ ለሚደርሰው ጉዳት ካሳ እንዲከፍል ያዛል። ነገር ግን ጉዳቱ በራሱ በተጎጂው ጥፋት ወይም «በሦስተኛ ወገን ተንኮል» የደረሰ ከሆነ ክፍያ የለም። ስለዚህ ዘይት በካሳቫ ማሳ ላይ፣ በዓሣ ጉድጓድ ላይ ወይም በመጠጥ ውሃ ላይ በፈሰሰ ቁጥር ኑሮን ሁሉ የሚወስነው አንድ ቃል ነው፤ «መንሥኤ»። ይህን ቃል ለመሙላት የጋራ ምርመራ የሚባል ጉብኝት ይደረጋል። የኩባንያው ባለሙያ፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪና የመንደሩ ተወካዮች አብረው ሄደው ያያሉ፤ ወረቀት ይፈርማሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2013 ባወጣው ዘገባ እንዳመለከተው ግን ምርመራውን በብዙ መንገድ የሚመራው ራሱ ኩባንያው ነው፤ መሣሪያውም፣ መጓጓዣውም፣ ባለሙያውም የእርሱ ነውና። የመንደሩ ሰው የብረት ስብራት መርምሮ ዝገት ይሁን መጋዝ የመለየት ትምህርት አላገኘም። ከፊርማው በፊት የሚጠይቀው የራሱ ባለሙያም የለውም።

በወረቀቱ ላይ የሚሞሉት ቃላት ለፈላስፋ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። «ዝገት» ይላል። ዝገት ማን ነው? ብረት በእርጥብ ምድር ውስጥ እንደሚዝግ ማንም ያውቃል፤ ተፈጥሮው ነው። ነገር ግን ብረቱን በዚያ እርጥብ ምድር የቀበረው፣ ዕድሜውን ሲጨርስ ያልለወጠው፣ ለመለወጫ የሚሆነውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ የመደበው ተፈጥሮ አይደለም። «የመሣሪያ ብልሽት» ይላል። መሣሪያ ራሱን አይገዛም፤ ራሱን አይተክልም። «የሦስተኛ ወገን ተንኮል» ሲባል ደግሞ በመጨረሻ ሰው ይገኛል፤ ያ የሚገኘው ሰው ግን ሁልጊዜ ስም የሌለው ሌባ ነው፤ ጥፋቱም ዞሮ በመንደሩ ጫንቃ ላይ ያርፋል። የድሮው መንደር ለትንኝ ሥራ አክስትን ከሰሰ፤ የዛሬው መዝገብ ለሰው ውሳኔ ብረትን ይከሳል። ሁለቱም ከእውነተኛው ተጠያቂ ዐይናቸውን ያነሡ ናቸው። ልዩነታቸው የፊተኛው አጉል እምነት ተብሎ መወገዙ፣ የኋለኛው ደግሞ የምሕንድስና ቋንቋ ለብሶ መከበሩ ነው።

የሚነደው ጋዝ ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። ከነዳጅ ጋር የሚወጣውን ጋዝ ሰብስቦ ከመጠቀም ወይም ወደ ምድር ከመመለስ ይልቅ በአየር ላይ ማንደዱ ርካሽ ስለሆነ በዴልታው መንደሮች አጠገብ ለአሠርት ዓመታት ነበልባል ሲነድ ኖሯል። ናይጄሪያ በ1979 ባወጣችው ሕግ ይህ ልማድ ከጥር 1 ቀን 1984 ጀምሮ እንዲቆም አዝዛ ነበር። ቀኑ ደረሰ፤ አለፈ። ፈቃድና መቀጫ ተተካ። መቀጫውም በ1998 ለአንድ ሺህ ኪዩቢክ ጫማ 10 ናይራ ብቻ ነበር፤ ለኩባንያ ከማቆም መክፈል ይቀለዋል። በ2018 የወጣው ደንብ ለትልልቆቹ አምራቾች ወደ 2 ዶላር አሳደገው። ነበልባሉ በዚህ ሁሉ አልጠፋም። በጎረቤቶቹ በኡርሆቦ መንደሮች ሴቶች ካሳቫቸውን በምንጣፍ ላይ አስጥተው በዚህ እሳት ወላፈን ሲያደርቁ ታይተዋል፤ ማገዶ ይቆጥብላቸዋልና። ይህን አይቶ «እነሆ፣ ይጠቀሙበታል» ያለም አልጠፋም። የመብራት መስመር በሚቋረጥበት አገር ሌሊቱ በማያቋርጥ እሳት የሚበራባቸው ሰዎች ከእሳቱ ጥቂት ጥቅም መንጠቃቸው ለእሳቱ የፈቃድ ወረቀት ሆኖ ሊቆጠር አይገባም።

አንድ ጊዜ ዳኛ ተገኝቶ ነበር። ከኢሶኮ ምድር አጠገብ የምትገኘው የኢዌሬካን መንደር ነዋሪዎች ያቀረቡትን አቤቱታ የሰማው በቤኒን ከተማ የተቀመጠው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኅዳር 14 ቀን 2005 ጋዝ ማንደዱ በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠውን በሕይወት የመኖርና የሰብአዊ ክብር መብት የሚጥስ መሆኑን ወሰነ፤ እንዲቆምም አዘዘ። ይህ ውሳኔ ታላቅ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ «ማን?» የሚለው ጥያቄ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛ ማስረጃ ተጠየቀ፤ ተከሳሹም በስሙ ተጠራ። ትእዛዙ ግን ሳይፈጸም ቀረ።

ከዚህም ሌላ ውሃው አለ። በ2012 የኒጀርና የቤኑዌ ወንዞች ከልክ በላይ ሞልተው በመላ ናይጄሪያ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሲያፈናቅሉ፣ ኡዜሬን ጨምሮ በርካታ የኢሶኮ መንደሮች በውሃ ተዋጡ። በ2022 ይኸው ተደገመ፤ በአገሪቱ ከስድስት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ገበሬዎች ውሃው እየገፋ ሲመጣ ያልደረሰ ካሳቫ ነቅለው በርካሽ ይሸጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ለወራት የሚበሉት የለም። የዚህ ጥፋት ባለቤት ማን ነው? ዝናቡ ነው ይባላል። በካሜሩን የሚገኘው የላግዶ ግድብ ውሃ መልቀቁ ነው የሚሉ አሉ። ግድቡ በ1982 ሲያልቅ በናይጄሪያ በኩል ትርፉን ውሃ የሚቀበል ሌላ ግድብ እንዲሠራ ታስቦ ሳይሠራ መቅረቱ ነው የሚሉም አሉ፤ የምድር አየር መሞቁም አለበት። እያንዳንዱ መልስ የእውነት ክፍል አለው። ጥፋት በብዙ እጅ ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ እያነሰ እንጂ እየጠፋ አይሄድም፤ በተግባር የሚታየው ግን ድርሻው ሲከፋፈል ባለድርሻው ሁሉ መሰወሩ ነው። «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር» የሚለው ምክር ለኡዜሬ ሰው ቢነገረው ሁለቱንም ገና እየጠበቀ መሆኑን ይመልስ ይሆናል።

ባለቤትነቱም ቢሆን ቆሞ አይጠብቅም። ኡዜሬን፣ ኦሌንና ኦሎሞሮን የሚያካትተው ሠላሳ ቁጥር የሚባለው የነዳጅ ይዞታ በ2012 ለሽያጭ ቀርቦ፣ ሼልና ሸሪኮቹ የነበራቸውን 45 ከመቶ ድርሻ ሾርላይን ለተባለ ኩባንያ በ850 ሚሊዮን ዶላር ሸጡ። ቀሪው 55 ከመቶ የመንግሥት ነው። በ2025 ደግሞ ሼል በናይጄሪያ በየብስ ላይ ይሠራ የነበረውን ኩባንያውን በጠቅላላው ለሌሎች አስተላለፈ። ገዥው «ያ ከመምጣቴ በፊት የሆነ ነው» ሲል፣ ሻጩ «አሁን የእኔ አይደለም» ሲል፣ በአሠርት ዓመታት ውስጥ መሬቱ የጠጣው ዘይት የማን ይባላል? የመንግሥትስ ነገር? ከትርፉ ከግማሽ በላይ የሚያገኘው፣ ተቆጣጣሪውን የሚሾመው፣ ፍርድ ቤቱንም ያቋቋመው እርሱ ነው። በኤኒ ዘመን ሐይቁ ቢያንስ ከተከሳሹ ጋር ሽርክና አልነበረውም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሳይነሣ አይቀርም፤ ሊነሣም ይገባል። ቧንቧ የሚቆርጡ፣ ዘይት ሰርቀው በጫካ ውስጥ የሚያነጥሩ ሰዎች በእርግጥ አሉ። እነርሱም የሚያቃጥሉት የገዛ ወገናቸውን ምድር ነው። ለማኅበረሰቡ የመጣውን ካሳ ወይም የሥራ ውል ለራሳቸውና ለዘመዶቻቸው ያዋሉ የአገር ሰዎችም አልጠፉም። ይህን መሸሸግ ሕዝቡን ማገልገል አይደለም፤ ተበዳይ ሁሉ ንጹሕ መሆን አለበት ብሎ ማሰብም የልጅ ፍልስፍና ነው። ነገር ግን ክርክሩ ሌባውን ነፃ ለማውጣት አይደለም፤ ሁሉም በስሙ እንዲጠራ ነው። የቆረጠው ይጠየቅ፤ ያልለወጠውም ይጠየቅ፤ የተቀበለውም ይጠየቅ፤ እየሰማ ዝም ያለው ተቆጣጣሪም ይጠየቅ። ከ1999 ሕገ መንግሥት ወዲህ ነዳጅ ከሚወጣባቸው ክፍለ ግዛቶች ለእነርሱ የሚመለሰው ገቢ ከ13 ከመቶ እንዳያንስ ተደንግጓል፤ በ2021 የወጣው ሕግ ደግሞ ኩባንያዎች ከዓመታዊ የሥራ ወጪያቸው 3 ከመቶ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ልማት እንዲያውሉ ያዛል። በዚያው በ2021 የወጣው ሕግ ግን በጥፋት ወይም በሁከት ለሚደርስ ጉዳት ማኅበረሰቡ ከዚሁ ገንዘብ እንዲቀነስበት ይፈቅዳል። ባለቤቱ ያልታወቀ ጥፋት እንደገና በመንደሩ ስም ተመዘገበ ማለት ነው።

ኑሮው ግን ክስ ብቻ አይደለም። ኢሶኮዎች ለትምህርት ያላቸው ፍቅር የታወቀ ነው፤ በኦዞሮ የነበረው የቴክኒክ ተቋም በ2021 ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከዚያ የሚወጣው ወጣት መሐንዲስ የስብራትን ምክንያት ለመለየት የሚያስፈልገውን ዕውቀት ይዞ ወደ መንደሩ ሊመለስ ይችላል፤ ወይም በኩባንያው በኩል ቆሞ ይፈርም ይሆናል። ለኪነ ጥበብ ሰውም የቀረው ሥራ አለ። የድሮው ጠራቢ በሰው ልብ ውስጥ ያለውን አውሬ ፊትና ጥርስ ሰጥቶ ከእንጨት አወጣው። የሒሳብ መዝገብ፣ የድርሻ ሽያጭና የተላለፈ የጥገና በጀት ግን ጥርስ የላቸውም፤ በጭቃም በእንጨትም ለመቅረጽ ያስቸግራሉ። የኡርሆቦው ተወላጅ ገጣሚ ታኑሬ ኦጃይዴ በ1998 ባሳተመው መድበል ስለ ዴልታው ምድር መጎዳት ጽፏል፤ ሐዘኑን መግለጹ ግን ገና የመንገዱ እኩሌታ ነው። አድራጊውን መቅረጽ ይቀራል።

ዛሬም በኢሶኮ መንደሮች ስብሰባ ሲጠራ ሽማግሌዎች በየዕድሜያቸው ተራ ይቀመጣሉ፤ ለእንግዳው ኮላና መጠጥ ይቀርባል፤ ኦቶታውም ተነሥቶ የሁሉንም ቃል በአንድ አንደበት ይናገራል። የተናገረው የላኩትን ሁሉ ይይዛል። ከእርሱ ፊት የሚቀመጠው የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ጨዋና የተማረ፣ ምናልባትም የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። እርሱም ተነሥቶ ምስጋና ያቀርባል፤ የተባለውንም ሁሉ በማስታወሻው ላይ መጻፉን ይገልጻል። ቃሉ ግን የላኩትን አይይዝም፤ የመወሰን ሥልጣን አልሰጡትምና። «ጉዳዩን ለበላይ አቀርባለሁ» ይላል። ሽማግሌዎቹ የበላዩን ስም ይጠይቁታል።